ማርትሬዛን በሎሚ አትሹት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡናዬ ጋር ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት የቤት አያያዝ ዓምዳችሁ ላይ አንድ ምክር አየሁ። የጠቆረ የብር ጌጥና አሮጌ ሳንቲም በጥርስ ሳሙናና በሎሚ ቢፈተግ እንደ አዲስ ያበራል ይላል። ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ማብራቱንስ ያበራል። እኔን ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

ጡረታ የወጣሁ የእጅ ሥራ መምህርት ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ አሮጌ ዕቃ ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ገንዘብ ተርፎኝ አይደለም። ምናለሽ ተራ እዞራለሁ፤ ቁራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ ጠርቼ ጆንያውን አስፈታዋለሁ። አሁንማ ለምዶኛል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «እማማ፣ ዛሬ የእርስዎ ዓይነት ነገር የለም» ይላል። የባለቤቴ እህት ደግሞ ስሜን ትታ «ቁራሌዋ» ነው የምትለኝ። ቤቴ ውስጥ የስኮትላንድ የልብስ ስፌት መኪና አለ፣ የጣሊያን ቡና ማፍያ አለ፣ ከጀርመን የመጣ ትንፍሽ የማይል ራዲዮ አለ። አሥራ አራት ጠገራ ብርም አለኝ። ምክራችሁ የሚጎዳው ይህን ብር ስለሆነ ስለ እሱ ልናገር።

ሰው ቤት ውስጥ፣ ሣጥን ሥር፣ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ማርትሬዛ ነው። ምስሏ ያለበት ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ላይ የተጻፈውም ዓመት 1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀረ፤ ገበያው የለመደውን መልክ ነበር የሚያምነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሁለት መቶ ዓመት ብር አለኝ» ሲለኝ ዝም እላለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ መምቻውን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ይህንኑ ብር ሮም ላይ አስመትቷል። ከዚያ ለንደንም ተመታ፣ ፓሪስም፣ ብራስልስም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይም ሳይቀር። ሁሉም 1780 ነው የሚሉት። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። አንዱን ከሌላው የሚለየው የፀጉሯ፣ የጌጧና በጀርባው ያለው ንስር ላባ ጥቃቅን አሠራር ነው።

እና ጥቃቅኑን ነገር የሚበላው ምን መሰላችሁ? የጥርስ ሳሙና።

አያቴ የወረኢሉ ሰው ነበረች። አባቷ ገበያ ውሎ ብር ሲቀበል መጀመሪያ ወደ ብርሃን ያዞረው ነበር ትለኝ ነበር። የሴትየዋን የትከሻ ጌጥ ፍሬዎች በጥፍሩ እየነካ ይቆጥራል። አንዷ ፍሬ ከተፋቀች ብሩን ይመልሳል፤ ክርክር የለም። ይህ የእኛ ቤት ወግ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዘመን አገራችንን የዞሩ የውጭ ሰዎችም ጽፈውታል። እነዚያ ፍሬዎች ከብሩ ገጽ ላይ ጎልተው የወጡ ናቸው። ሲፈተግ ቀድሞ የሚነካው ጎልቶ የወጣው ነው። ቅድመ አያቴ በጥፍሩ ያመነውን ምልክት እናንተ በአንድ ቅዳሜ በብሩሽ ታነሱታላችሁ ማለት ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ቢሆን ጥሩ ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ከአንዲት ባልቴት የምኒልክ ብር ገዛሁ። 1887 ዓ.ም. የሚል፣ ፓሪስ ተመትቶ የመጣው፣ በአንድ በኩል ንጉሡ በሌላው አንበሳው ያለበት። ጥቁር ነበር፣ የጀበና ቂጥ በሉት። ማታ ቁጭ አልኩና መጀመሪያ በአመድና በሎሚ አሸሁት። አልጠግብ ብዬ የጥርስ ሳሙና ጨመርኩ። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነበረኝ፣ ልጄ የጣለው። ሌሊቱን ደስ ብሎኝ አደርኩ። አንበሳው ያብለጨልጫል! በማግስቱ አሮጌ ዕቃ ወደሚገዛ አንድ ሰው ሱቅ ይዤው ሄድኩ፣ እንዲያደንቅልኝ። ሰውየው መስኮት ጋ ወስዶ አንዴ አገላበጠውና «እትዬ፣ ማነው የገደለው?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። የንጉሡ ጉንጭ በሞፈር የታረሰ ማሳ መስሏል። ጭረት በጭረት ነው። የአንበሳው ጎፈር እርስ በርሱ ተለውሷል። «ትናንት ይዘውት ቢመጡ እንደ ምኒልክ ብር እገዛዎት ነበር። ዛሬ በግራም ነው» አለኝ። አልሸጥኩለትም። ቤቴ እስክደርስ ግን አፌን ሞልቼ ሰላም ያልኩት ሰው የለም።

ምክንያቱን በኋላ ቀስ ብዬ ተረዳሁት። ብር የሚጠቁረው ስለቆሸሸ አይደለም። በአየሩና በጭሱ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። ያ ሽፋን ራሱ ከብሩ የተሠራ ነው፤ ስትፍቁት ብሩን ነው የምትፍቁት። የጥርስ ሳሙና ደግሞ ውስጡ የሚሞርድ ደቃቅ ዱቄት አለው። ለጥርስ ነው የተሠራው፤ ጥርስ ከብር ይጠነክራል። ሎሚውስ? ማርትሬዛ ከሺህ እጅ 833ቱ ነው ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። አሲዱ መዳቡን እየመረጠ ይበላል። የተረፈው ገጽ ኖራ የተቀባ ይመስል ነጣ ይላል። አሮጌ ዕቃ የለመደ ሰው ያን ንጣት ከበር ላይ ያውቀዋል።

እኛ «ወዝ» የምንለው ነገር አለ አይደል? ሰው ሲወዛ፣ የበርኩማ እንጨት በመቀመጫ ብዛት ሲወዛ። የብሩም ጥቁረት ወዙ ነው። መቶ ዓመት የፈጀ ወዝ።

ታዲያ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። አፈር ከያዘ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ማቆየት፣ ቢበዛ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና መጨመር። ማሸት የለም። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጫን እያሉ ማድረቅ። ሲይዙትም ጠርዙን ነው፤ የጣት ላብ አሻራውን ብሩ ላይ ይተዋል። እባካችሁ ደግሞ በዚያ በሚሸትና በሚለጠጥ ፕላስቲክ ከረጢት አታስቀምጡት። ፕላስቲኩ ሲያረጅ የሚያወጣው ነገር ብሩ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ይተዋል። ሁለት ጠገራ ብር ያጣሁት በእሱ ነው፤ ይህን እንኳ ሳልፈትግ።

ሁሉም ነገር አይነካ ማለቴ አይደለም። የአንገት መስቀላችሁን አብሱት፣ አጽዱት፤ የሚለበስ ነገር ነው። ያ መስቀል ራሱ ድሮ ማርትሬዛ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ አንጥረኞቻችን ብዙውን መስቀል ያንን ብር አቅልጠው ነው የሠሩት። የስፌት መኪናዬንም በየወሩ ዘይት አጠጣታለሁ፤ ሲንጀር ናት፣ ዛሬም የምሰፋባት። ክላይድባንክ ከሚባል የስኮትላንድ ከተማ ነው የመጣችው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘጋ፣ የከተማው ባቡር ጣቢያ ግን እስካሁን ስሙ «ሲንጀር» ነው፤ ይህን ባወቅሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ልታስደስተኝ ብላ በአልኮል ወለወለቻት። ወርቃማው ጌጥ ግማሹ ከጨርቁ ጋር ሄደ። ላዩ ላይ ያለው መጠበቂያ ቅብ አልኮል እንደሚያሟሟው ልጅቷ በምን ታውቃለች? ምን ልበላት፣ ቡና አፈላሁላት።

ከአሥራ አራቱ ብር አንዱ የአያቴ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ እብጠት አለው። አንጥረኛ ቀለበት በየዳበት ነው፤ በአንገቷ ክር ታደርገው ነበር። ቀለበቱ ወልቋል፣ የብየዳው ጠባሳ ቀርቷል። ያ ባለ ሱቅ ይህንንም አይቶ «ይህ ጉዳት ነው፣ ዋጋ ያወርዳል» ብሎኛል። በእሱ ሚዛን ልክ ነው። እኔ ግን ሌሎቹን አሥራ ሦስቱን ቢወስድ ይሻለኛል። በሴትየዋ ጉንጭ ላይ ያለው መለስለስም የአያቴ ደረት ያለሰለሰው ነው። ብሩን በወረቀት ጠቅልዬ፣ ወረቀቱ ላይ የማን እንደነበርና ከየት እንደመጣ ጽፌበታለሁ። ልጆቼ አንድ ቀን ለቁራሌው ሊሰጡት ሲሉ ቢያንስ ያነቡታል።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንን ምክር የሚያርም ሁለት መስመር አውጡልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስንት ሰው ሎሚ ሲጨምቅ እንደከረመ እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጽሑፋችሁን አምኖ የፈተገ ካለም ከእንግዲህ ምንም አይቀባበት፤ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠው። ጭረቱ አይድንም። ጥቁረቱ ግን ቀስ ብሎ ይመለሳል። የእኔ የምኒልክ ብር በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአንበሳው ሆድ ሥር ቡናማ መሆን ጀምሯል። ትናንትም አውጥቼ አየሁት።

ስሜን አታውጡት፤ የባለቤቴ እህት ጋዜጣችሁን ታነባለች።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛዋ የእጅ ሥራ መምህርት
ከአዲስ አበባ