ባለርስቱ ማነው ላሉኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ እታለም ቀስ ብላ ታንብብልዎ። መዝለል ትወዳለችና ይጠብቋት።

ባለፈው በስልክ «ያለህበት አገር ባለርስቱ ማነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄው ግን ከራሴ አልወጣም። በቆሎ ጭኜ ስመላለስ ይኼንኑ ሳስብ ሰነበትኩ።

ያለሁት አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ዎርዚንግተን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከከተማዋ ሲወጡ ሁሉም ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ ሰብሉ በቆሎና አኩሪ አተር። ገጠሩ «ታውንሺፕ» በሚሉት ተከፋፍሏል። እንደኛ ቀበሌ ይቁጠሩት። የኛ ቀበሌ ወንዙንና ሸንተረሩን ተከትሎ ይታጠፋል። የነሱ ግን ዳማ ገበታ ነው። አንዱ ታውንሺፕ በየጎኑ 6 ማይል ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ውስጡ ደግሞ 36 ቦታ ይቆረጣል። አንዷ ቁራጭ በኛ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ ትሆናለች። ሕጉ የወጣው በ1785 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ። ቀያሾቹ 20 ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ሰንሰለት እየጎተቱ ለኩት። አያቴ ቀላድ ተጣለ የሚሉት መሆኑ ነው። እዚህ ሚኒሶታ 16ኛዋና 36ኛዋ ቁራጭ ለትምህርት ቤት ተለይተው ነበር። ይቺን ወድጄላቸዋለሁ።

መንገዱም በየማይሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ግን ወንዝ ሳይኖር፣ ጉብታ ሳይኖር ድንገት ይታጠፍና መልሶ ይቀናል። መጀመሪያ ሰካራም የቀየሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ምድር ክብ ስለሆነች ነው። ወደ ሰሜን የሚሄዱት መስመሮች እየተጠጋጉ ካሬውን ያጠቡታል። ስለዚህ በየተወሰነ ርቀት እንደገና ማስተካከል ግድ ሆነ።

ባለርስቶቹ ዳኮታ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። በ1851 ውል ተፈርሞ መሬቱ ከእጃቸው ወጣ። ቃል የተገባላቸው ገንዘብ ዘገየ፣ ረሃብ ጠና፣ በ1862 ጦርነት ተነሣ። ተሸነፉ። በዲሴምበር 26 ማንካቶ ከተማ ላይ 38 ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ከሚኒሶታ እንዲወጡ ሕግ ወጣባቸው። በዚያው በ1862፣ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ 160 ኤከር እንዲሰጠው ታወጀ። ከጋሻ ተኩል ይበልጣል። መሬት ላራሹ ነው እንግዲህ፣ በሰው ርስት ላይ።

ሰፋሪዎቹም አልደላቸው። ከ1873 እስከ 1877 አንበጣ ወረራቸው። ይሄ የኛ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ይቁጠሩት)፣ ኖብልስ፣ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር። በአፕሪል 1877 አገረ ገዢው ጆን ፒልስበሪ የጸሎት ቀን አወጀ። ምህላ በሉት! በክረምታችን ወራት አንበጣው ተነሥቶ ሄደ። ያ ዝርያ ዛሬ ከነጭራሹ ከምድር ጠፍቷል። ይህን ሳነብ እርስዎ በኛ 2013 ማሽላው መሀል ቆመው ቆርቆሮ ሲደበድቡ ታዩኝ።

አሁን በየዓመቱ፣ በማርች ሁለተኛው ማክሰኞ፣ የታውንሺፑ ነዋሪ ይሰበሰባል። ለመንገድ ጥገናና ለመሳሰለው ስንት ግብር እንጣል ብሎ ተከራክሮ ራሱ ይወስናል። ሸንጎ ነው። ቢያዩት ይስቃሉ፤ የክርክሩ ግማሽ ስለ ጠጠር ነው።

አንድ ነገር ግን አልለመድኩም። እርሻውን በቁጥር ነው የሚጠሩት። «የ14ኛዋ ሰሜን ምሥራቅ ሩብ» ይሉዎታል። የኛዎቹን በስም አስታውሳለሁ፤ ዋርካ ሥርን፣ ድንጋዮን፣ እማማ የምትወዳትን ጓሮዋን። ከወንዙ ማዶ ያለችው፣ ጤፍ የምንዘራባት፣ ስሟ ጠፋብኝ። ሌሊት ስነዳ ልይዘው እሞክራለሁ፣ አልመጣልህ ይለኛል።

እታለም በስልኳ ትቅዳዎት። የሁሉንም ስም፣ ወሰኑ ከየት እስከየት እንደሆነም ይንገሯት። ያቺን ማዶዋን ግን አስቀድሙልኝ።

ልጅዎ