ፕሮስቴት ስላላቸው ሴቶችም ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር፣ ማለትም ከሽንት ፊኛ ሥር ስላለው ዕጢ ካንሰር፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ነገር ግን «ዕድሜያችሁ ከ50 ያለፈ ወንዶች» ብሎ ጀምሮ እዚያው ላይ ቆመ። እኔ እዚህ አሜሪካ በዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ የመራቢያ አካላት ሕክምና) ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ይህ ጥሪ የማይደርሳቸው ትራንስጀንደር ሴቶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው አሁን ሴት ሆነው የሚኖሩ፣ አሉ፤ በየጊዜው አገኛቸዋለሁ።

የጾታ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ፕሮስቴት አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። ቢወጣ ሽንት መቆጣጠር ሊያስቸግር ስለሚችል ባለበት ይተዋል። ብዙዎቹ የሚወስዱት የሴት ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን፣ የካንሰሩን ዕድል ቢቀንስም አያጠፋውም። በ2023 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና ተቋማት ብቻ በሽታው የተገኘባቸው 155 ትራንስጀንደር ሴቶችን መዝግቧል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የደም ምርመራው ነው። ምርመራው የሚለካው ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን ነው፤ መጠኑ ከፍ ካለ ካንሰር ሊኖር ይችላል። ኤስትሮጅን ግን የፒኤስኤን መጠን በጣም ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች እንደ ወሰን የሚይዙት 4 (ናኖግራም በሚሊ ሊትር) ሆርሞኑን ለምትወስድ ሴት አያገለግልም። 1 ካለፈ፣ ወይም ከቀድሞው እየጨመረ ከመጣ፣ ጉዳዩን መመርመር ይገባል። ውጤቱ ግን «ጤናማ» ተብሎ ይመጣል፤ እሷም ተረጋግታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አንዲት ታካሚማ በመዝገቧ ላይ «ሴት» ስለሚል ኮምፒውተሩ የምርመራ ትዕዛዙን አልቀበልም ብሎ ስንት ቀን ተመላልሳለች! ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁት ሐፍረት እስካሁን ያመኛል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ «ወንዶች» ካላችሁ በኋላ «ፕሮስቴት ያላቸው ሴቶችም» ብላችሁ ጨምሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ