ሲመለሱ ልጁ ይምራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ትምህርት ሊከፈት ሲል ብዙ ወላጅ ለልጁ ስልክ ቁጥርና የሠፈር ስም ያስጠናል። ደግ ነገር ነው። መንገድ ግን በቃል አይጠናም፤ ልጁ በእግሩ ሄዶ፣ የት እንደሚታጠፍ ራሱ ወስኖ የሚያውቀው ነው።

የአንድ ዓመት ሕፃን እያየ ዕቃ ደብቃችሁ ወደ ማዶ ውሰዱት። ታቅፎ ከዞረ ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ጎን ይፈልጋል፤ እየዳኸ ራሱ ከዞረ ግን ዐይኑን ከቦታው ስለማይነቅል የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። በሰርቪስ የሚመላለስ ተማሪም፣ በእኛ አስተያየት፣ እንደታቀፈው ሕፃን ነው። መታጠፊያውን የሚመርጥለት ሾፌሩ ነዋ!

ሌላው የምልክት ጉዳይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊንዳ ሄርመርና ኤልዛቤት ስፔልኪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ሕፃናት በጠባብ ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ዐይናቸው ተሸፍኖ ከተሽከረከሩ በኋላ በአንዱ ማዕዘን የተደበቀ መጫወቻ እንዲፈልጉ ተደረገ። ልጆቹ የክፍሉን ቅርጽ ብቻ ተከትለው ትክክለኛውን ማዕዘን በሰያፍ ካለው ጋር አምታቱ። አንዱ ግድግዳ ሰማያዊ መሆኑ አልጠቀማቸውም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ክፍሉን ከ1.2 በ1.8 ሜትር ገደማ ወደ 2.4 በ3.6 ሲያሰፉት ግን በቀለሙ መመራት ቻሉ። ራቅ ያለ ምልክት ልጁ ጥቂት ቢንቀሳቀስም ያለበት አቅጣጫ ብዙ አይለወጥም፤ ለዚህ ይመስላል አንጎል የሚያምነው።

አዲስ አበባ በዚህ የታደለች ናት። እንጦጦ በሰሜን ቆሟል፤ ከተማው ከዚያ ወደ አቃቂ ቁልቁል ይወርዳል። ከአራት ዓመት ጀምሮ በየመንገዱ «እንጦጦ በየት በኩል ነው?» እያላችሁ በጣቱ እንዲያሳይ ጠይቁት።

ስትሄዱ እናንተ ምሩ፣ ስትመለሱ እሱ ይምራ፤ እናንተ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቅሩ። መኪና ባለበት ግን እጁን አትልቀቁ። በየመታጠፊያው ቆማችሁ ፊቱን ወደመጣችሁበት አዙሩት፤ ያው መንገድ ሲመለሱበት ሌላ መልክ አለው፣ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚያ ላይ ነው። የቆመ መኪና ወይም የጀበና ቡና ጥላ ምልክት አይሆንም፤ ነገ አይገኝም። ድልድይ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመስጊድ ሚናራ ይሻላል። የኮሪደር ልማት ያለፈበትን ሠፈር ደግሞ እንደ አዲስ በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ ልጁ የያዛቸው ምልክቶች ፈርሰው ይሆናል። ሲሳሳት ወዲያው አትመልሱት። ሃያ እርምጃ ያህል ይሂድና «የምታውቀው ነገር ይታይሃል?» በሉት።

ቀኝና ግራ ስታስተምሩ ፊት ለፊቱ አትቁሙ። የራሱን ቀኝ በስድስት ዓመቱ ገደማ ቢለይም፣ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ቀኝ ለመለየት ሁለት ዓመት ያህል ይቀረዋል። ከጎኑ ሆናችሁ «በምትበላበት እጅ በኩል» በሉት።

ትምህርት ቤቶችን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወላጅ ሲስማማ፣ ሰርቪሱ በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ከቤቱ 300 ሜትር ቀደም ብሎ ለሚቀበለው ሰው ያስረክበው፤ የቀረውን መንገድ ልጁ ይምራ።

የልጆች ሥነ ልቦና መምህራን፣ ከአዲስ አበባ