ጉዞው ትምህርት ከሆነ ማንም ልጅ ቤት አይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ልጄ የምትማርበት የሴቶች ትምህርት ቤት ዘንድሮ በአንደኛው ሴሚስተር እረፍት አልነበረውም። ጥቅምት ሲገባ ዓለም አቀፉ የሴት ልጆች ቀን ተከበረ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ተከተለ። ከዚያ የክፍል ለክፍል የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የቮሊቦል ግጥሚያ፣ የሚኒ ሚዲያው ግጥምና ድራማ መጣ። ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከነምግቡ ከነልብሱ ደመቀ። ለእሱ ቀን ልብስ ፍለጋ ጎረቤት ሁሉ ሳጥኑን ከፍቶልናል። በመሀል በመሀሉ ደግሞ ጉዞ አለ። ወደ ሐረማያ፣ ወደ ሐረር፣ እዚሁ ድሬ ውስጥም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እንደተለመደው ክርክሩ ጦፈ። «ልጆቻችንን የላክነው ለትምህርት ነው ወይስ ለሽርሽር?» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ «ዝግጅቱ በዛ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ስብሰባ ላይ ግን ሰዓት ያልቃል፤ ማይኩን የያዘ አይለቅም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የወላጆቹን ስጋት ላንሳ፤ የቅንጦት ስጋት አይደለምና። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ከፍ አለ ተብሎ 5.4 በመቶ ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት የሰማች እናት ልጇ ቅዳሜ ደብተር ዘግታ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ሆዷ ቢባባ አይፈረድባትም። ግን አንድ ነገር እንርሳ እንዴ? ይህ ፈተና ከ2014 ጀምሮ የተሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ከቤት ይወጣሉ። ከማያውቁት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ያድራሉ። የማያውቁት ካፌ ይበላሉ፤ በማያውቁት ሻወር ይታጠባሉ። ከእናቷ ጉያ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ይህን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታየው በፈተና ሳምንት ከሆነ ጉዱ ያኔ ነው። ወንዶቹ እንደፈለጉ ወጥተው ይገባሉ። ሴቶቹን እኛው ነን በር ዘግተን የምናሳድጋቸው። የ9ኛ ክፍል ልጅ ከጓደኞቿና ከመምህራኗ ጋር ሐረር ደርሳ ብትመለስ ለዚያ ቀን እየተለማመደች ነው።

ደግሞ ጉዞው ምን እንዳለው ያላየ ሰው ነው ሽርሽር የሚለው። እኔ አጃቢ እናት ሆኜ ስለሄድኩ ያየሁትን ልናገር።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት መውጣት ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ከ1,800 በላይ ነው። ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱ ይለቃል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ሹራብ ያወጣሉ። ግማሾቹ ያስመልሳቸዋል፤ ስለዚህ አጃቢ የሆነች እናት ፌስታልና ሎሚ ሳትይዝ አትውጣ። የታሪክ መምህሩ ጠመዝማዛው ላይ ነበር ስለ ምድር ባቡር የነገሯቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ይህን ተራራ መውጣት ከበደው። ታች ሜዳው ላይ ቆመ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማችን በዚያው ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። ይህን ክፍል ውስጥ ቢነግሯቸው ይጽፉትና ይረሱታል። አፋፉ ላይ በመስኮት ቁልቁል እያዩ ሲሰሙት ግን አንድም ልጅ አላዛጋችም።

ሐረማያ ላይ ወረድን። ልጆቹ ሐይቁን ሲያዩ ፎቶ ተነሱ። የጂኦግራፊ መምህሯ ዝም ብለው አስጨረሷቸውና «እዚህ የቆማችሁበት አካባቢ እኮ ደርቆ ከብት ይሰማራበት ነበር» አሏቸው። ልጆቹ አላመኑም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። ውሃው ለከተሞቹም ለጫቱም ለአትክልቱም ሲሳብ፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈርም ሲሞላው፣ ሐይቁ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር። ሐረር ውሃ አጣች። በኋላ ከእኛ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ያንን ሁሉ ዳገት በፓምፕ እየተገፋ ሐረር ገባ። ሐይቁ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ተመለሰ። አንዷ ልጅ «ታዲያ አሁንም እየሳቡት ነው እኮ!» አለች። ዳር ዳሩን የውሃ መሳቢያው ሞተር ይንደቀደቃል። መምህሯ መልስ አልሰጡም፤ ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉት አሉ። ጎበዝ መምህር ናቸው።

የጫት ገበያዋን አወዳይን ባላነሳት ደስ ባለኝ። ሾፌራችን እዚያ ሲደርስ «አምስት ደቂቃ» ብሎ ወረደ። ጫት መርጦ፣ ተከራክሮ፣ ገዝቶ እስኪመለስ ልጆቹ ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ቀለጡ። አቦ፣ በርጫህ ለማታ ይቆይህ አልነበር!

በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎልን ስንገባ ቀኑ ተጋመሰ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸውን፣ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ በውስጡ 82 መስጊዶች እንደሚገኙ አስጎብኚው ነገራቸው። ይህ ሁሉ በየመጽሐፉ አለ። የእኔን ጆሮ ያቆመው የባቲ ድል ወንበራ ነገር ነው። የአሚር ኑር ባለቤት ነበሩ። ከዚያ በፊት የኢማም አሕመድ ባለቤት፣ የዘይላው ገዥ የማሕፉዝ ልጅ። በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሴት ናቸው። አስጎብኚው ያነሳቸው አንዷ ልጅ ስለጠየቀች ነው፤ ባትጠይቅ ዝም ብሎ ሊያልፍ ነበር። ስሙን ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት ለጥያቄና መልስ ውድድሩ ስታነብ እንደሆነ ነገረችኝ። ዝግጅቱ በዛ የምትሉ ወላጆች ይህን ስሙልኝ። ውድድሩ ጉዞውን ረዳ፤ ጉዞው ደግሞ ትምህርቱን።

የሐረሪ ቤት ውስጥ ገብተን ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩትን መደቦች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አየን። የትኛው መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ልጆቹ ሁሉም የክብሩ ቦታ ላይ ካልተቀመጥን ብለው ተጋፉ። ሙሸበክና ሐላዋ ገዝተው አውቶቡሱን ዘይትና ስኳር አደረጉት። መግሪብ ሳይደርስ ደንገጎን ወረድን።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ። ከልጄ ክፍል ብዙዎቹ አልሄዱም።

የጉዞው ማስታወቂያ ቤት የደረሰው ሐሙስ ነው። ጉዞው ቅዳሜ። በሁለት ቀን ውስጥ ለአውቶቡስ፣ ለመግቢያ፣ ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ደሞዝተኛ ከሆንክ ወሩ አልሞላም። ቀፊራ ገበያ ጉልት ቸርቻሪ ከሆንሽ የዕለቱን ሽያጭ ለነገው ዕቃ ታስረክቢያለሽ። ሁለት ልጆች እዚያው ላስተማረ ወላጅ ደግሞ ሁሉም ነገር እጥፍ ነው። ሳይወዱ በግድ «አንቺ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» ይባላል። በሚቀጥለውም ያው ነው።

ይባስ ብሎ ከጉዞው በኋላ ሪፖርት ታዘዘ። ከ10 የሚያዝ። ያልሄዱትስ? ከሄዱት ደብተር ገልብጡ ተባሉ። አንዲት ልጅ ያላየችውን ሐይቅ «ዛሬ ጎበኘሁት» ብላ ስትጽፍ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጆችን ውሸት እናስተምር ካልን ከዚህ የበለጠ ዘዴ አይገኝም። ነጥብ የሚያዝበት ከሆነ ትምህርት ነው። ትምህርት ከሆነ ደግሞ ብር አልከፈልሽም ተብሎ ልጅ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንደማይባረር ሁሉ ከዚህም መባረር የለባትም።

ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፈቃድም ያስቀራል። አባቶች ይከለክላሉ። እኔ አልቆጣቸውም፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ትክክል ነው። ማን ይከተላቸዋል? ስንት ሰዓት ይመለሳሉ? መንገድ ላይ ሽንት ቤት የት ነው? ማስታወቂያው ላይ ግን ቀኑና ብሩ ብቻ ነው ያለው። አንድ ጎረቤታችን እኔ እንደምሄድ ሲሰሙ ነው ልጃቸውን የፈቀዱት። ሽንት ቤቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ መንገድ ላይ ለሴት ልጅ የሚሆን አላገኘንም። ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም። ከዚያ ራስ ምታት ይይዛቸዋል። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። አንድ መምህርት ቦርሳ ውስጥ ሞዴስ ቢኖርና የት እንደሚወረድ አስቀድሞ ቢታወቅ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ሩቅ አንሂድ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሶደሬና ላንጋኖ እንደሚሄዱ እየሰማን ልጆቻችን ይቀናሉ፤ ይቅናቸው። እግራችን ሥር ያለውን መች አየነው? ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ እንደ ምሳሌ ውሰዱ። በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፤ ግመል ይነዳበታል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ግን ላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለብን። በዚያው ወር ነበር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው። ዛሬ 9ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። የውሃ መከላከያውን ግንብ ተደግፈው ስልክ ይነካካሉ እንጂ ለምን እንደተሠራ አያውቁም። እዚያ ለመሄድ አውቶቡስ አያስፈልግም። ከዚራ ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት በእግር ይደረሳል።

የድሮው ባቡር ጣቢያም እዚያው ነው። የምድር ባቡር ጡረተኞች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፤ አንዱን ጠርቶ ማናገር የሻይ ወጪ ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ልጆቹን ወርክሾፑን ሲያስጎበኝ ይመሽበት ነበር። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ቀለም የሚያወጡበትን ቀይ አፈር እየፈጩ የኖሩበት ነው። ተመራማሪዎች ከ4,000 በላይ ቁራጭ አግኝተውበታል። ስንቶቻችን ድሬዎች አይተነዋል? እኔ ራሴ ስሙን የሰማሁት ከልጄ ነው። አቀበቱ ከበድ ስለሚል መሪና ጥሩ ጫማ ይፈልጋል፤ በጠዋት መነሳትም ግድ ነው፤ የድሬ ፀሐይ አራት ሰዓት ካለፈ ቀልድ አያውቅም።

ሐረር መሄድም አይቅር። ግን የዓመቱ ጉዞ ዝርዝር መስከረም ላይ ይውጣ። ወላጅ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ይክፈል፤ እቁብ ለምዶብናል፤ አይከብደንም። ለማይችሉት ደግሞ የወላጅ ኮሚቴው ከሚችሉት ያሰባስብ፤ ማን እንደተረዳ ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ አይለጠፍ። ይህን የምለው ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ስላየሁ ነው። እዚህ ከተማ ሰርቪስ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ቆሞ ከሚውል አውቶቡስ አንዱን በነዳጅ ዋጋ ብቻ ቢሰጡን ወጪው በግማሽ ይወርዳል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ካለ ጥያቄዬ ለእርስዎ ነው። ሾፌሩን ብቻ አወዳይ ላይ እንዳይወርድ ይንገሩልን።

የሁለተኛው ሴሚስተር መርሃ ግብር ገና አልወጣም። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን አለ፤ ከዚያ ጉዞ እንደሚኖር መምህራኑ ነግረውናል። ማስታወቂያው አሁንም ሐሙስ ለቅዳሜ የሚመጣ ከሆነ ቢያንስ አንድ ነገር ይስተካከል። ያልሄደች ልጅ ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ደቻቱም ሆነ ስለ ቀፊራ ገበያ፣ በዓይኗ ያየችውን ጽፋ 10ሯን ታግኝ።

የሁለት ሴት ልጆች እናት
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ