የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው አቋርጣችሁ ልጅ ለመውሰድ ለምትመጡ ወላጆች

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የሚድ ፈተና አልቋል፣ ውጤቱ በክፍል ኃላፊዎች በኩል ይደርሳችኋል። ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለሱ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ትንሽ ቆይቶ ላይ አገር ከባድ ዝናብ እየጣለ ነው ተብሎ ተደወለልን፣ እኛም በሩን ዘግተን ወንዙን ወደ ማዶ ሰፈር ወደ መጋላ የሚሻገሩትን ልጆች አቆየን። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ዘበኛችን ተሰደበ፣ አንድ አባት በሩን በድንጋይ ደበደበ። አንዲት እናት ደግሞ በግርግሩ መሃል ልጇን ይዛ ወጥታ በድልድዩ መሄድ ሲገባት በአሸዋው አቋረጠች። ሮጬ ድልድዩ ላይ ስደርስ መሃል ላይ ናቸው። ልጁ አንድ ጫማው ወልቆበት በእጁ ይዞታል፣ ቦርሳው ጀርባው ላይ ይነጥራል፣ ጮኼ ጠራኋቸው አልሰሙኝም። ማዶ ከወጡ አስር ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ያ ቡናማ ውሃ እንጨትና የሃይላንድ ፕላስቲክ ከፊቱ እየገፋ መጣና ዱካቸውን በላው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ልጆቻችንን ለምን ታስራላችሁ የምትሉ አላችሁ። እኮ እሱ ነው ችግሩ! ደቻቱ የከተማውን ሰማይ አይጠብቅም፣ ዝናቡ የሚጥለው ተራራው ላይ ነው፣ እዚህ ፀሐይ እየሞቅን ውሃው መንገድ ጀምሯል። በ1998 ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ከ250 በላይ ሰው የወሰደብን ይሄው ወንዝ ነው፣ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት። ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሰርቷል ትላላችሁ። ተሰርቷል፣ ግን ግንቡ ዳር ላለው ቤት ነው እንጂ አሸዋው መሃል ለገባ ሰው ምን ያደርግለታል?

አንድ ወላጅ በሩ ላይ "ሱናሚ ነው እንዴ የመጣው" ብለው ጮሁብኝ። ጥሩ፣ ስለ ሱናሚ እናውራ። በ1997 ታህሳስ 17 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱማትራ ደሴት አጠገብ ባህሩ ስር መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ማዕበሉ ህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ እስኪደርስ ሰባት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። ሰባት ሰዓት! ሃፉን በምትባለው የሶማሊያ ባህር ዳርቻ አካባቢ ግን ለሰዉ የነገረው ስላልነበረ ሶማሊያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ኬንያ ቀድማ ሰምታ ሰዉን ከባህር ዳርቻ አስወጣች፣ እዚያ የሞተው አንድ ሰው ነው። እኛም ማክሰኞ ዕለት ስልክ ተደውሎልናል። ሰምተን እንዳልሰማ እንሁን ነው የምትሉት?

ባለፈው ወር ይዛችሁ አቆያችሁና ምንም አልመጣም የምትሉኝም አላችሁ። አዎ አልመጣም፣ ልጆቹ ሁለት ሰዓት ቆይተው በሰላም ቤታቸው ገቡ። እንደገናም ሳይመጣ ይቀር ይሆናል፣ እኔም እንደገና አቆያለሁ፣ በዚህ ላይ ይቅርታ አልጠይቅም።

ልጄ ይራባል ላላችሁ፣ ከዚህ በኋላ በምናቆያቸው ቀን ትምህርት ቤቱ ዳቦና ውሃ ያቀርባል፣ ክፍያ ላይ የሚጨመር ነገር የለም። ልጄን መውሰድ መብቴ ነው ላላችሁም፣ መብታችሁ ነው፣ ማንም አይክዳችሁም፣ ግን ውሃ ይመጣል በተባለበት ሰዓት ልጅ አስረክቤ ወደ አሸዋው ሲወርድ ቆሜ ማየት አልችልም። ጉሊት ላይ ዕቃችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ፣ ቤት ሕፃን ትታችሁ እየሮጣችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ፣ ፍርሃታችሁም ይገባኛል፣ እኔም ወላጅ ነኝ። ጃፓን ውስጥ ሱናሚ የለመዱ የባህር ዳር ሰዎች ቴንደንኮ የሚሉት ነገር አላቸው፣ ማዕበል ሲመጣ ማንም ማንን ሳይጠብቅ ሁሉም በየራሱ ወደ ከፍታ ይሩጥ ማለት ነው፣ እናት ልጄ ሮጧል ብላ ታምናለች፣ ልጁም እናቴ ሮጣለች ብሎ። ካልሆነ አንዱ ሌላውን ፍለጋ ሲመለስ ሁለቱም ያልቃሉ። የናንተ ልጅ መሮጥ እንኳን የለበትም አቦ፣ ግንብ ውስጥ ነው ያለው፣ መምህሩ አጠገቡ ነው።

ስለዚህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ "አቆይተናል" ብለን ስንጽፍ ያላችሁበት ቆዩ፣ ቴሌግራም የሌላችሁ ቢሮ ደውሉ፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው መድበናል። ከተፈቀደ በኋላ የማዶ ልጆችን ሁለት መምህራን በድልድዩ ያሻግሯቸዋል፣ ትንንሾቹን እጃቸውን ይዘው።

የፊታችን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አለን። የተናደዳችሁም ኑና በፊቴ ተናገሩ፣ እሰማለሁ። ብቻ በድልድዩ በኩል ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ድሬዳዋ