«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት የአባት ወይም የአክስት ዴስክቶፕ አልነሳም ሲል፣ ሳጥኑ ተሸክሞ ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ «ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ይባልና ብዙ ብር ይጠየቃል። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች እቤት ሊፈተሽ የሚችለው ሳይፈተሽ ገንዘብ መውጣቱ ያሳዝነናል።

በቅድሚያ ይለይ፦ ጭራሽ መብራት አልገባም ወይስ ስክሪኑ ብቻ ነው የጠቆረው? ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ ራሙን፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ቀጭን የማስታወሻ ካርድ፣ መጠርጠር ነው። የመብራት ገመዱን ነቅሎ፣ ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸትና ቀጭ እስኪል መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ምንም ካልተነቃነቀ ማከፋፈያውንና ስታቢላይዘሩን ትቶ በቀጥታ የግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት። የሞኒተሩ የመብራት ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አቀያይሮ መሞከር። ካልሆነ ገመዱን ነቅሎ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ፤ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) በኃይል መዋዠቅ ራሱን ቆልፎ ከነበረ ይህ ይፈታዋል።

ከሁሉም በላይ የምንፈራው ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀያየሪያ ካለ፣ 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ ይደረግ። «100–240» የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ግን መቀያየሪያ አያሻውም።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ለመፈተን ገመዱን ከሶኬት፣ ባለ 24 ቀዳዳውን መሰኪያ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንድ ጥቁር ሽቦ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ ሶኬት ላይ መሰካት። በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለካ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ ከ5 በመቶ በላይ ከራቀ ይቀየር። አንዳንድ የዴልና የኤችፒ ሞዴሎች መሰኪያቸው የተለየ ስለሆነ በእነሱ ላይ ይህ አይሞከር። የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን ማንም አይክፈት፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ እቤት ይቀመጥ፤ ፎቶውም ሰነዱም ያለው እሱ ላይ ነው። ባለሙያውም «ተቃጥሏል» ሲል የትኛው ቮልት እንደጠፋ በቴስተሩ ለባለቤቱ ያሳይ።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ