ልጄን ብቻዋን ላልተዋችሁብኝ

ልጄ ሰኔ 30 ካርዷን ተቀበለች። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪዋንም ተፈትና ጨርሳለች፣ ተመስገን። ስማችሁን እንዳልጠራ ብትለምኑኝም፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ሳልናገር ክረምቱ እንዲገፋ አልፈለግሁም።

በባለቤቴ የሥራ ዝውውር ምክንያት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መጥተን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ልጄም በአካባቢው አንድ የግል ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ክፍሉ ውስጥ ከኬጂ ጀምረው አብረው ያደጉ ጥቂት ሴት ልጆች አሉ። እነሱ የሳቁበትን ክፍሉ ሁሉ ይስቅበታል፤ እነሱ ያኮረፉትን ማንም አያናግረውም። አነጋገሯን እየደገሙ ሳቁባት፣ «ፋራ» አሏት። ሰርቪስ ውስጥ ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳ አስቀምጠው «ተይዟል» ይሏታል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ምሳ ነው። ልጆቹ ዴስክ ገጥመው፣ ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው ሲጎራረሱ የእኔ ልጅ ክዳኑን እንኳ አትከፍትም። ፍርፍሩ እንደቋጠርኩት ሲመለስ እያየሁ ስንት ቀን ማድቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። «የልጆች ነገር ነው፣ ያልፋል» ያሉኝ ነበሩ። ከገበታ መገፋት ለልጅም ለአዋቂም ቀላል ነገር አይደለም።

የሰርቪሷ ረዳት፣ እህቴ፣ ማንንም ሳትቆጪ ከጎንሽ አስቀመጥሻት። ጠዋት ጠዋት ስለ ደሴ፣ ስለ ጦሳ ተራራ ብርድ እየጠየቅሽ አስወራሻት። ቤት ስትገባ ፊቷ ፈታ ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

የክፍል ኃላፊዋ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኮሚዩኒኬሽን ቡኳ ላይ የጻፍኩትን አንብበው ጠሩኝ፣ አረጋግተው ሰሙኝ። ልጄን ክፍል ፊት አቁመው «እንዳትነኳት» አላሉም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይብስባት ነበር። ተማሪው ለግሩፕ ወርክ ጓደኛውን መምረጡን አስቀርተው በዕጣ መደቧቸው፣ የመቀመጫ ቦታም እያቀያየሩ አዟዟሯቸው። እነዚያ ልጆች ተበታትነው ሲቀመጡ ሳቃቸው አቅም አጣ። ከመካከላቸው አንዷም በዕጣ ከልጄ ጋር ደርሷት ፕሮጀክቱን እኛ ቤት መጥተው ሠሩ።

አንቺ ደግሞ የኔ ልጅ፣ «ነይ፣ እኛ ጋ ነው የምትበይው» ብለሽ እጇን ይዘሽ የወሰድሻት፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ያጎረስሻት! በዚህ የተነሳ ያኮረፉሽ እንደነበሩ ሰምቻለሁ። በዚያ ዕድሜ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። እደጊልኝ፣ ተመንደጊልኝ፤ የወለደችሽ እናት ትባረክ።

ስደውልልዎት «ልጄ እንዲህ አታደርግም» ሳይሉ አዳምጠውኝ፣ ልጅዎን ይዘው ቤቴ ድረስ ለመጡት እናትም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ለልጅዎ ቅንጣት ቂም የለኝም።

ለእንቁጣጣሽ ዶሮ እሠራለሁ። ሁላችሁም ከነቤተሰባችሁ ቤታችን እንድትመጡልኝ እለምናችኋለሁ።